ጨው ሲበዛ ልብንና አንጎልን እንደሚጎዳ

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1945 መሆኑ ነው ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዌዝ ቦይ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆሞ በነበረው ኩዊንሲ በተባለው የጦር መርከብ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋራ ተገናኝተው ስለ አገራቸው ጉዳይ ተነጋገሩ። ይህንን ከታሪክ መጻሕፍት ያነበቡት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በዚያ መርከብ ላይ እንግዳቸውን የተቀበሉት ፕሬዚዳንት የደማቸው ግፊት ከልክ ያለፈ ፤ ልባቸውም የደከመ ሰው እንደ ነበሩ ፤ ከዚያም ቀን በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 4 ቀን በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ በ63 ዓመታቸው እንደ ሞቱ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ባለፈው ስለ ሕፃናት አመጋገብ የጻፍነውን ያነበቡ ክቡራትና ክቡራን አንባቢዎቻችን ስለ ትልልቆቹስ ምን ትላላችሁ ብለው ጠይቀውናልና ፤ የዛሬውን ነገራችንን ከዚህ ታሪክ መጀመር ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩዝቬልትን በ1944 ዓመት በመጋቢት ወር የመረመራቸው ዶክቶር ሐዋርድ ብሩን የሚባል የልብ ሐኪም ነበረ። የደማቸውን ግፊት በለካ ጊዜ 186 በ108 ሆኖ አገኘው። የላይኛው ቍጥር ልብ ደሙን በምትገፋበት ጊዜ ፤ የታችኛው ደግሞ ልብ በምታርፍበት ጊዜ በደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ያሳያል። የጤነኛ ሰው ግፊት 120 በ80 ያህል ሲሆን 140 በ90 ከደረሰና ደጋግሞ ቢለካም ከዚያ ካልወረደ በሽታ ነው ይባላል። ሐኪሙም የልብ መድኃኒት ሰጣቸው ፤ ሥራቸውን ፤ ሲጋራቸውንና በምግባቸው ውስጥ ያለውን ጨው እንዲቀንሱ አዘዛቸው። በዚያ ዘመን ግፊትን በደኅና የሚያወርድ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበርና ከዚህ የሚበልጥ ሊያደርግላቸው አልቻለም። በሞቱበት ቀን ሐኪሙ ሲለካው ግፊታቸው ከ300 በ190 በላይ ነበረ። ጨው ገደላቸው ማለታችን አይደለም ፤ ሲጋራ አብዝተው ያጤሱ ነበር ፤ የጦርነቱም ድካም ነበረባቸው። ሊታሰብ የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የተገኘውና እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው የሚወስደው የግፊት መድኃኒት ዋና ሥራው ኩላሊት ጨውን ከሽንት ጋራ አብዝታ እንድታወጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በማዕዱ ያስገባውን በኪኒን ያስወጣል ማለት ነው።

ጨው በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል ብለን እንደ ሆነ ፤ ያለ እርሱ መኖር እንደማይቻል አስቀድመን እንናገር። ጨው ሶዲየምና ክሎር ከሚባሉ ሁለት ነገሮች የተሠራ ነው ፤ ከመቶው አርባ እጅ ያህሉ ሶዲየም ነው። ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ፤ ጡንቻም የሚንቀሳቀሰው በሶዲየም ነው። ነገር ግን ለዚህ የሚበቃው እጅግ ጥቂት ነው። የተረፈውን ማውጣት የኩላሊት ሥራ ነው። ኩላሊት ማውጣት ከምትችለው በላይ በየቀኑ በገባባት ጊዜ ሶዲየሙ በደም ውስጥ ይከማቻል ፤ ሶዲየምም ባለበት ውኃ ይከተላል። ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ውኃ የሚጠጣው ስለዚህ ነው። የደሙ መጠን ይጨምራል ፤ ደም ሥሩ ግን ያው የፊተኛው ነው። በጠባብ ቦይ ብዙ ውኃ ሲለቀቅ ግድግዳውን እንደሚገፋ ሁሉ ደሙም የሥሩን ግድግዳ ይገፋል።

ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች። በእያንዳንዱ ምት ከልክ በላይ የሆነ ግፊት ቢጠብቃት ጡንቻዋ እንደ ተሸካሚ ክንድ እየወፈረ ይሄዳል። ይህ ውፍረት ኃይል ይመስላል እንጂ ኃይል አይደለም ፤ የወፈረችው ልብ እየደነደነች ደም መቀበል ያቅታታል ፤ በመጨረሻም ትደክማለች። ያን ጊዜ እግር ያብጣል ፤ ሰውየውም ትራስ ካልደራረበ መተንፈስ ይሳነዋል። የደም ሥሮችም ለስላሳነታቸውን ያጣሉ። በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች አንዱ ከፈነዳ ወይም በረጋ ደም ከተደፈነ ስትሮክ የሚባለው ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በሽታው ዝምተኛ መሆኑ ነው። ራሴን አያመኝም ፤ እንቅልፌም ደኅና ነው የሚል ሰው ግፊቱ 180 ሆኖ ይገኛል። ሳይለኩት የሚታወቅ አይደለም።

ይህ ነገር የትናንት ግኝት አይደለም። በ1904 ዓመት አምባርና ቦዣር የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ግፊት ላለባቸው ሕመምተኞች የሚሰጠውን ጨው ሲቀንሱ ግፊቱ ሲወርድ ፤ ሲጨምሩት ደግሞ ሲወጣ አይተው ጽፈዋል። ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ የተሰደደው ዶክቶር ዋልተር ኬምፕነር ደግሞ ከ1939 ዓመት ጀምሮ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጠንካራ ግፊት ለያዛቸው ሰዎች ሩዝ ፤ ፍራፍሬና ስኳር ብቻ ፤ ያለ ጨው ማለት ይቻላል ፤ ይመግብ ጀመረ። ምግቡ ለዛ ቢስና አሰልቺ ነበረ ፤ ብዙዎችም መታገሥ አልቻሉም። ነገር ግን የታገሡት የብዙዎቹ ግፊት ወረደ ፤ ተለጥጣ የነበረችው ልባቸውም ወደ መጠንዋ ስትመለስ በራጅ ፎቶግራፍ ታየ።

በሰሜን ጃፓን ያሉትን ሰዎች ነገር ከዚህ ይልቅ ለእኛ ቤት የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን። አኪታ የሚባለው አውራጃ ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ ገበሬዎቹ አትክልቱንና ዓሣውን በጨው ነክረው ያቆያሉ ፤ ሾርባቸውንም ከጨው ጋራ በተብላላ አኩሪ አተር ይሠራሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት በሰሜኑ ክፍል አንድ ሰው በቀን እስከ 27 ግራም ጨው ይበላ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን በጃፓን አገር ከበሽታ ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ስትሮክ ነበረ ፤ ከ1951 እስከ 1980 ዓመት ድረስም የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ ቆየ። መንግሥቱና ሐኪሞቹ ሕዝቡን አስተማሩ ፤ ግፊትም በየመንደሩ ይለካ ጀመረ ፤ ማቀዝቀዣ ሣጥን በየቤቱ ስለ ገባ ምግብን በጨው ማቆየት አስፈላጊ አልሆነም። ዛሬ የጃፓን ሰው በቀን የሚበላው ጨው ወደ 10 ግራም ወርዷል ፤ በስትሮክ የሚሞተውም እጅግ ቀንሷል። መድኃኒቱም ፤ የኑሮውም መሻሻል ድርሻ አለው።

ማስረጃው እስከ ምን ድረስ ጽኑ ነው ለሚል አንባቢ በ2021 ዓመት የታተመውን የቻይናን ሙከራ እናቀርባለን። በሰሜን ቻይና ገጠር በ600 መንደሮች ውስጥ 20,995 ሰዎች ተመረጡ ፤ አስቀድሞ ስትሮክ ያገኛቸው ወይም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያላነሰና ግፊት ያለባቸው ናቸው። የግማሾቹ መንደሮች ሰዎች የለመዱትን ጨው እንዲበሉ ተተዉ። ለቀሩት ግን ከመቶው 75 እጁ የተለመደው ጨው ፤ 25 እጁ ደግሞ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው ተሰጣቸው። የሚቀምሱት ያው ጨው ጨው የሚል ነው ፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። አምስት ዓመት ያህል ከተጠበቁ በኋላ ስትሮክ በእነዚህኞቹ ከመቶው 14 እጅ ፤ ሞትም ከመቶው 12 እጅ አንሶ ተገኘ። የጨው ዕቃ ብቻ በመለወጥ ይህን ያህል ነፍስ መትረፉ ፤ ሥራው የሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን የወጥ ቤትም መሆኑን ያሳያል።

እውነቱን ለመናገር ሊቃውንቱ በሁሉ ነገር አልተስማሙም። በ2014 ዓመት በብዙ አገሮች ከተደረገ ጥናት ውስጥ እጅግ ጥቂት ጨው በሚበሉትም ሰዎች ላይ ጕዳት ታየ የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የሚቃወሙት ደግሞ የሰው ጨው በአንድ ጊዜ ሽንት በደኅና አይለካም ፤ የታመመ ሰውም አስቀድሞ ምግቡን ስለሚቀንስ ጥቂት ጨው በላ ይባላል ይላሉ። እኛ በዚህ ክርክር መካከል ገብተን ለመፍረድ ዕውቀቱ የለንም። ነገር ግን ክርክሩ እጅግ ጥቂት ስለሚበሉት ነው እንጂ አብዝቶ መብላት እንደሚጎዳ የሚክድ የለም ማለት ይቻላል ፤ የእኛም አገር ሰው ጭንቀቱ ጨው አነሰኝ የሚል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓመት ባወጣው መመሪያ አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብቃው ብሏል። ይህ አንዲት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው ፤ ለቀኑ ሁሉ ምግብ ማለት ነው እንጂ ለአንድ ማዕድ አይደለም። በዓለም ሁሉ ግን አንድ ሰው በአማካይ የሚበላው 10.8 ግራም ነው። በ2015 ዓመት በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክፍል በሚኖሩ ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል ፤ ከመቶ ሰዎችም 96ቱ ከ5 ግራም በላይ ይበሉ ነበር። እንግዲህ ከመቶው ውስጥ አራት ብቻ ቀሩ ማለት ነው ፤ አንባቢያችን ከአራቱ አንዱ ነኝ ብሎ ባይጠራጠር መልካም ነው።

ይህ ጨው ከወዴት ይመጣል ? በአሜሪካ አገር ከሚበላው ጨው ከአሥሩ ሰባቱ እጅ ያህል በፋብሪካ ከተሠራና በምግብ ቤት ከተዘጋጀ ምግብ የሚገኝ ነው ፤ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዳቦውን ፤ በቆርቆሮ የታሸገውን ሾርባና የታሸገውን ሥጋ ከመግዛታቸው በፊት በላዩ የተጻፈውን የሶዲየም ቍጥር ማንበብ ይገባቸዋል። በእኛ ቤት ግን ጨው የሚገባው በባለቤቲቱና በወጥ ቤቷ እጅ ነው ፤ የሚገባውም አንድ ጊዜ አይደለም። በርበሬ ሲደለዝና ሲፈጭ ከነጭ ሽንኩርቱ ፤ ከዝንጅብሉ ፤ ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋራ ጨው ይደባለቃል። ሽሮም ሲዘጋጅ እንዲሁ። ከዚህ በኋላ በርበሬው ወይም ሽሮው በድስት ሲሠራ ወጥ ቤቷ ቀምሳ ጨው አነሰው ብላ ሁለተኛ ትጨምራለች። ማዕዱ ሲቀርብ ሚጥሚጣ ይመጣል ፤ እርሱም ጨው አለበት ፤ አዋዜውም እንዲሁ። ቋንጣው ሲዘለዘል በጨው ታሽቷል። በአንዳንድ አገር ቡናውም በጨው ይጠጣል። ስለዚህ ጌታው በገበታ ላይ ጨው አልጨመርሁም ብለው ሲምሉ እውነታቸውን ነው ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ተጨምሮላቸዋል። ለእንጀራችን ግን ምስጋና ይገባዋል ፤ እንደ ልማዱ ሲጋገር ጨው አይገባበትም ፤ ከፈረንጅ ዳቦ በዚህ ይሻላል።

የምናውቃቸው አንድ አረጋዊ ዳኛ ነበሩ። ሐኪም ግፊትዎ ከፍ ብሏልና ጨው ይቀንሱ ባላቸው ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ እጅግ ደንግጠው ለባላቸው ብቻ በትንሽ ድስት ያለ ጨው ወጥ ያሠሩ ጀመር። ቤተ ሰቡ በአንድ መሶብ ሲበላ እርሳቸው በሌላ ሳህን ለብቻቸው ይበሉ ነበር። ይህ እንደ ቅጣት ሆነባቸው። «እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንሁ እንዴ ?» ብለው ተቈጡ ፤ ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ በየዘመዱ ቤት እየሄዱ ጨውና ሚጥሚጣ የበዛበት ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ተገኙ። ወይዘሮዋም ነገሩን ባወቁ ጊዜ «እርስዎ ለብቻዎ የሚበሉት ነገር ከሆነ እኔም አልፈልገውም» ብለው ትንሹን ድስት አስወገዱ። የዓመቱን በርበሬና ሽሮ አንድ ቅንጣት ጨው ሳይገባበት አስፈጩ ፤ ጨው የሚገባው ወጡ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ፤ እርሱም በማንኪያ ተለክቶ እንዲሆን አዘዙ። ለሁሉም አንድ ድስት ፤ አንድ መሶብ ሆነ። ልጆቹ በመጀመሪያ አልጫ ነው ብለው አጉረመረሙ ፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን የጎረቤት ወጥ ጨው በዛበት ይሉ ጀመር። ምላስ የለመደውን ይፈልጋልና ነው። ዳኛውም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ፤ ይህን ወጥ እየበሉ ብዙ ዓመት ኖሩ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንጨምር። ጨው ሲቀንስ የወጡን ጣዕም የሚተካ በቤታችን ሞልቷል ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ፤ ዝንጅብሉ ፤ በሶብላው ፤ ጤና አዳሙ ፤ ሎሚው። ሽንኩርቱም በጥድፊያ ሳይሆን በደንብ ቢቁላላ ራሱ ጣዕም ይሰጣል። ጠጅና ቅቤ ቢቀርም ጨውን ከማዕድ ላይ ማንሣት ለእንግዳ ንቀት ይመስላል የሚሉ አሉ ፤ እኛ ግን ለእንግዳ ጨው በትንሽ ዕቃ ማቅረብና የወደደ እንዲጨምር መተው ክብር ነው እንጂ ንቀት አይመስለንም።

የአገር ጨው አይጎዳም ፤ የሚጎዳው የፋብሪካው ነው የሚሉም አጋጥመውናል። በአፋር በረሃ ከአሳሌ ሐይቅ ተቈርጦ በግመል ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ሲወጣ የኖረው አሞሌ ታሪኩ የከበረ ነው ፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በገንዘብ ፈንታ ያገለግል ነበር። ነገር ግን ሶዲየምነቱ ያው ነው ፤ ልብም አሞሌ ነው ብላ አታዝንለትም። ደግሞ አሞሌው አዮዲን የሚባለው ነገር አልተጨመረበትም። አዮዲን ያጣ ሰው እንቅርት ያወጣል ፤ አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡርም የልጅዋ አእምሮ ይጎዳባታል። ስለዚህ ነው በ2011 ዓመት በኢትዮጵያ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የታዘዘው። እንግዲህ ጨው እንቀንስ ስንል አዮዲን ያለበትን ጨው እንተው ማለታችን አይደለም ፤ አዮዲን ያለበትን በጥቂቱ እንብላ ማለታችን ነው። አዮዲን በእሳትና በፀሐይ ስለሚጠፋ ጨዉ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ ፤ በወጡም መጨረሻ ይጨመር።

ከዳኛው ታሪክ ጋራ የሚሄድ አንድ ነገር አለ ፤ እርሱም የቸኮለ ነውና ሳንጽፈው አናልፍም። ከቤተ ሰቡ የአንዱ ፊት በድንገት ወደ አንድ ወገን ቢጣመም ፤ አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ቢዝል ፤ ንግግሩም ቢኮላተፍ ይህ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መጋኛ መታው ወይም ምች ነው ተብሎ በቤት ውስጥ ይታሻል ፤ ቅጠል ይታጠናል ፤ ቀኑም ያልፋል። የጸለየና ጠበል የወሰደ ሰው በእምነቱ ነውና አንነቅፍም ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው ፤ እርሱም ስትሮኩ ከመደፈን እንጂ ከመፍሰስ አለመሆኑ በምርመራ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በቃል ይዞ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

በቻይና የተሞከረው ፖታሲየም ያለበት ጨው በአንዳንድ ከተሞች ይሸጣል ፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ዛሬውኑ ገዝቶ ለቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያቀርብ ሰው እንዳይኖር ግን እንለምናለን። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፤ እንዲሁም ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያቆይ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ጨው ቢበላ ፖታሲየሙ በደሙ ውስጥ በዝቶ የልቡ አመታት ሊቃወስ ፤ እስከ ሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ቻይናውያኑም ሙከራቸውን ሲያደርጉ ኩላሊታቸው እጅግ የታመመውን ሰዎች አላስገቡም። አስቀድሞ ደሙንና ኩላሊቱን አስመርምሮ ሐኪሙን የጠየቀ ይብላው። የደም ግፊት በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለካ ፤ መሣሪያውም ሲገዛ ምን እንደሚታይ ፤ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እንጽፋለን።